አጓት፣ ኮምጣጤና የስንዴ ዘር፦ የስድስተኛው ሳምንት ማስታወሻዬ

ወተት የሚያረጉ ባክቴሪያዎች የሚሠሯቸው ውሕዶች የካንሰር ሴሎችን ይገድላሉ ወይ የሚለውን ጥያቄ እያነበብሁና በቤቴ እየሞከርሁ በየሳምንቱ የምጽፈው ማስታወሻ ነው። ሱሉልታ ብርዱ ስለሚበረታ፣ በወይራ በታጠነ ቅል ያስቀመጥሁት ወተት እስኪረጋ ሁለት ቀን ሙሉ ጠበቅሁ፤ ባልታጠነው ዕቃ ያስቀመጥሁት ግን ቀድሞ ረጋ። ጭሱ ጎጂ ተሕዋስያንን ብቻ ሳይሆን ወተቱን የሚያረጉትን የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎችም በመጠኑ ያዘገያል። በዚህ ሳምንት የሠራሁት ግን በእርጎው ሳይሆን በነጠላ አጣርቼ ባወጣሁት አጓት ነው።

እነዚህ ባክቴሪያዎች የሚሠሯቸው ውሕዶች በካንሰር ሴሎች ላይ ምን እንደሚያደርጉ ማንበብ የጀመርሁት ከኒሲን ነበር። ኒሲን ላክቶኮከስ ላክቲስ የተባለው ባክቴሪያ የሚያመነጨው፣ ከ34 አሚኖ አሲዶች የተገነባ ፔፕታይድ (አጭር የፕሮቲን ሰንሰለት) ሲሆን፣ ለምግብ ማቆያነት ከዋለ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት፣ ኒሲን በራስና በአንገት ካንሰር ሴሎች ውስጥ ካልሲየም እንዲገባ በማድረግ አፖፕቶሲስ ወደሚባለው ራስን በሥርዓት የማጥፋት ሂደት እንደሚገፋቸው፣ በአይጦችም ላይ የዕጢውን መጠን እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ከኒሲን ሌላ የባክቴሪያዎቹ የሴል ግድግዳ ስብርባሪዎችና አንዳንዱን እርጎ በማንኪያ ስናነሣው ክር እየሠራ እንዲለጠጥ የሚያደርጉት ፖሊሳካራይዶችም (ረጃጅም የስኳር ሰንሰለቶች) ይጠናሉ።

ይሁን እንጂ ሳነብ አንድ ነገር አላስተኛ አለኝ። ባክቴሪያው ያደገበት ፈሳሽ ራሱ ኮምጣጣ ነው፤ በካንሰር ሴሎች ላይ ሲፈስስና ሴሎቹ ሲሞቱ፣ የገደላቸው ልዩ ውሕድ ነው ወይስ አሲዱ? የካንሰር ሴል በቤቴ ስለሌለ ጥያቄውን በስንዴ ዘር ሞከርሁት። በሦስት ሳህኖች ላይ እርጥብ ጨርቅ አንጥፌ፣ አንዱን በውሃ፣ አንዱን በአጓት፣ ሦስተኛውን ደግሞ የአሲድ መለኪያ ወረቀቱ ከአጓቱ ጋር አንድ ዓይነት ቀለም እስኪያሳይ ድረስ በውሃ ባቀጠንሁት ኮምጣጤ አራስሁ። በሦስተኛው ቀን በውሃውና በኮምጣጤው ያሉት ዘሮች ነጭ ሥር አወጡ፤ በአጓቱ ያለው ግን እንደተዘራ ቀረ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ አጓቱ ከአሲድ ሌላ የያዘው ነገር እንዳለ ቆጥሬ በደብተሬ ላይ «ተገኘ» ብዬ ጻፍሁ።

ስሕተቱ የታየኝ ማታ ነው። ወረቀቱ የሚያሳየው በዚያች ቅጽበት ያለውን የኮምጣጣነት ደረጃ እንጂ በፈሳሹ ውስጥ ያለውን የአሲድ ክምችት አይደለም። አጓቱ ውስጥ ላክቲክ አሲዱን የሚያቅፉ ፕሮቲኖችና ጨዎች ስላሉ ቀለሙ ሳይለዋወጥ ብዙ አሲድ ይይዛል፤ እጅግ የቀጠነው ኮምጣጤዬ ግን ያንኑ ቀለም ቢያሳይም ከስሙ በቀር ምንም አልነበረውም። ስለዚህ በሁለተኛው ዙር ኮምጣጤውን በአምስት እጥፍ ብቻ አቅጥኜ፣ ቀለሙ እስኪመሳሰል ድረስ ቤኪንግ ሶዳ በጥፍር ቁንጥር እየጨመርሁ አስተካከልሁት። በዚህኛው ዙር ስንዴው በአጓቱም በኮምጣጤውም ሳህን አንዲት ሥር አላወጣም፤ አሲዱ ብቻውን ዘሩን ለመከልከል ይበቃል ማለት ነው። ከደብተሬ ላይ «ተገኘ» የሚለውን ቃል ሰርዣለሁ። ከእንግዲህ ጽሑፎችን ሳነብ መጀመሪያ የምፈልገው፣ ተመራማሪዎቹ በተመሳሳይ መጠንና ደረጃ ላክቲክ አሲድ ብቻውን የተጨመረበት ሳህን ጎን ለጎን አስቀምጠው እንደሆነና ጤናማ ሴሎችም መሞከራቸውን ነው።

በሰው ደረጃ ያለው ማስረጃ በሳህን ካለው ይለያል። የዓለም የካንሰር ምርምር ፈንድ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ግምገማ የወተት ተዋጽኦ የትልቁን አንጀት ካንሰር ሥጋት የመቀነሱን ጉዳይ ከጠንካራ ማስረጃዎች መድቦታል፤ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች ዋነኛው ግን ካልሲየም ነው። ይህ ደግሞ መከላከልን እንጂ ሕክምናን አይመለከትም።

ይህን የምለው ጎረቤቴ ሳህኖቹን አይተው «ልጄ፣ እርጎው ኬሞ ለምትወስደው እህቴ መድኃኒት ይሆናት ይሆን?» ብለው ስለጠየቁኝ ነው። «እማማ፣ ኬሞው የነጭ ደም ሴሏን ስለሚያወርድ ካልፈላ ወተት የረጋ እርጎ ብሩሴሎሲስ የተባለውን ከከብት የሚተላለፍ በሽታና የከብት ሳንባ ነቀርሳን ሊያመጣባት ይችላል፤ የሚሻላትን ሐኪሟን ሳይጠይቁ እንዳይሰጧት» አልኋቸው። የያዙትን ቅል ወደ ቤታቸው መልሰው ወሰዱ።

በሚቀጥለው ሳምንት አጓቱን ራሱን በሶዳ ገለልተኛ አድርጌ በዚያው ስንዴ ላይ እሞክራለሁ፤ ሶዳው የሚጨምረው ጨው ብቻውን ዘሩን እንዳይከለክል በውሃ የተቀላቀለ ሶዳ ያለበት አራተኛ ሳህን አዘጋጅቻለሁ።