ሄይንሳ ያደርኩባት ሌሊት

ትናንት ከሰዓት ከደቡብ ኮሪያዋ ዴጉ ከተማ በአውቶቡስ ወጣን። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ተጉዘን ጋያ ተራራ ጫካ ውስጥ ገባን። ሄይንሳ የሚባለው የቡዲስት ገዳም እዚያ ነው። ከተመሠረተ ከ1,200 ዓመት በላይ ሆኖታል። ከትምህርት ክፍላችን ስምንት ሆነን ሄድን፤ ሐበሻ እኔ ብቻ ነኝ።

እንደደረስን ግራጫ ሱሪና ሰደርያ ሰጡን። እራት ገና ሳይመሽ ቀረበ። ሥጋ የለም፣ እንቁላል የለም፣ ወተት የለም። እስከዚህ የለመድኩት የጾም ምግብ ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም አይገባበትም ሲሉኝ ግን ገረመኝ። ሽንኩርት ሳይቁላላ ምግብ ይጣፍጣል ብላት እናቴ አታምነኝም። ይጣፍጣል! ሳህኔን ጥርግ አድርጌ በላሁ።

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሳይሞላ ተቀሰቀስን። ብርዱ አጥንት ይገባል። መነኮሳቱ እየተቀባበሉ አንድ ግዙፍ ከበሮ ይመታሉ፤ ድምፁ ደረቴ ውስጥ ይሰማኛል። ልጅ እያለሁ ከአያቴ ጋር ማኅሌት የቆምኩባቸው ሌሊቶች ትዝ አሉኝ። ያው ጨለማ፣ ያው ከበሮ፣ ያው ዓይን ላይ የሚከብድ እንቅልፍ። እምነቴ ሌላ ነውና አልሰገድኩም። ከኋላ ቆሜ አዳመጥኩ። ለምን ያለኝ ማንም የለም።

ሲነጋ የሄድንበትን ነገር አየን። 81,258 የእንጨት ሰሌዳ። በሁለቱም ገጽ የቡድሃ እምነት መጻሕፍት ተቀርጸውበታል። ለማተሚያ ስለሆነ እያንዳንዱ ፊደል በግልባጭ ነው የተቀረጸው። መጀመሪያ የነበረውን ሞንጎሎች በ1232 እ.ኤ.አ. አቃጠሉት። ቤተ መንግሥቱ ጋንግህዋ ወደምትባል ደሴት ሸሽቶ ነበር። ጦርነቱ ሳይበርድ እንደ አዲስ መቅረጽ ጀመሩ። 16 ዓመት ፈጀባቸው። አገር እየነደደ ቁጭ ብሎ ፊደል መቅረጽ! ይህን ሳስብ ብዙ ቆየሁ።

እኔ የሲቪል ምህንድስና ተማሪ ነኝና ዓይኔ ከሰሌዳው ይልቅ ቤቱ ላይ ቀረ። በ15ኛው መቶ ዘመን የተሠራ ነው። መስኮቶቹ መስታወት የላቸውም፤ የእንጨት ርብራብ ብቻ ነው። ከፊት ለፊት የታችኞቹ መስኮቶች ትልልቅ ናቸው፣ የላይኞቹ ትንንሽ። ከጀርባ ግን ተቃራኒው ነው። ነፋሱ ገብቶ በየመደርደሪያው ዞሮ እንዲወጣ ተብሎ ነው። ከወለሉ ስር ደግሞ ከሰል፣ ኖራና ጨው ከአፈር ጋር ተደልድሏል፤ እርጥበት ሲበዛ ይመጥጣል፣ አየሩ ሲደርቅ ይመልሳል። ያለ ምንም ማሽን እንጨቱ እስከ ዛሬ አልሻገተም። ሁለት ዓመት ክፍል ውስጥ ስለ አየር ዝውውር ተምሬያለሁ። እንደ ዛሬ ገብቶኝ አያውቅም።

አስጎብኚያችን መጨረሻ ላይ የነገረችን ነገር ከልቤ አልወጣም። በ1951 እ.ኤ.አ.፣ በኮሪያ ጦርነት ጊዜ፣ የሰሜኑ ታጣቂዎች እዚህ ተራራ ላይ ተሸሽገው ነበር። አካባቢው በአውሮፕላን እንዲደበደብ ትእዛዝ ወጣ። የአውሮፕላኖቹን ጓድ እየመራ የመጣው ኪም ዮንግሁዋን የሚባል የአየር ኃይል መኮንን ነበር። ገዳሙን ሲያይ ቦምቡን አልጣለም። ትእዛዝ ጥሶ ተመለሰ።

ከኢትዮጵያ የዘመተው ቃኘው ሻለቃ ፑሳን ወደብ የደረሰው በዚያው ዓመት ነው።

ይህን ለጓደኞቼ ስነግራቸው አስጎብኚያችን ሰማችኝና ወደ እኔ ዞራ ዝቅ ብላ እጅ ነሳችኝ። ምን እንደምል ጠፋኝ። እኔ ምን አደረግኩና? ሰፈራችን ያሉት የኮሪያ ዘማች ጋሼ ነበሩ ያን ክብር መቀበል የሚገባቸው። ልጅ ሆነን ኮሪያ ምን ትመስላለች ስንላቸው መልሳቸው ሁሌም አንድ ነበር፦ «ብርድ ነው ልጄ። ተራራው ሁሉ ራቁቱን ነው፣ አንድ ዛፍ የለውም።»

ስንመለስ በአውቶቡሱ መስኮት ጫካውን ሳይ ነበር። ጥድ በጥድ ነው፣ መሬቱ አይታይም። ማታ ለእናቴ እደውላለሁ። ጋሼ ደጅ ወጥተው ፀሐይ ሲሞቁ ካገኘቻቸው፣ ተራራው ዛፍ ለብሷል ብላ ትንገርልኝ።