የፋብሪካውን ኤል-ጄትሮኒክ ከ1776 ሲሲ የቮልስ ሞተር ጋር ያስማማሁበት መንገድ

ፎልክስዋገን እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ ለአሜሪካ ገበያ ያቀረባት ቮልስ ካርቡሬተር የላትም፤ በምትኩ የቦሽ ኤል-ጄትሮኒክ ኢንጀክሽን (ቤንዚኑን በኮምፒውተር ትእዛዝ የሚረጭ ሥርዓት) አላት። ሞተሯ 1584 ሲሲ ነው። ይህን ሞተር ወደ 1776 ሲሲ የሚያሳድጉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ኢንጀክሽኑን ነቅለው ሁለት ካርቡሬተር ይሰቅላሉ፤ ኮምፒውተሩ የተሠራው ለትንሹ ሞተር ስለሆነ ትልቁን አይችልም ይላሉ። አባባሉ ግማሹ እውነት ነው። እኔ ሳልነቅል ነው የሠራሁት፤ የሚጎድለውን ለመሙላት ሁለት ነገሮችን በአንድ ላይ ማስተካከል በቂ ነው።

መጀመሪያ አሠራሩን እንይ። ኤል-ጄትሮኒክ ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ራሱን ይለካል። በአየር መለኪያው ውስጥ በሞላ የተያዘ በር አለ፤ አየሩ ሲገፋው ይከፈታል፣ የተከፈተበት ልክም በኤሌክትሪክ ወደ ኮምፒውተሩ ይሄዳል። ኮምፒውተሩ የሞተሩን ዙር ከቦቢናው እያነበበ ሁለቱን ያሰላና ኢንጀክተሮቹ ለስንት ሚሊሰከንድ ክፍት እንደሚሆኑ ይወስናል። አራቱም ኢንጀክተሮች በአንዴ፣ ክራንክሻፍቱ አንድ ጊዜ በዞረ ቁጥር ይረጫሉ። ስለዚህ ሞተሩ አድጎ ብዙ አየር ቢስብ በሩ አብልጦ ይከፈታል፣ ቤንዚኑም አብሮ ይጨምራል። ከእሱ በፊት የነበረው ዲ-ጄትሮኒክ ግን የአየሩን መጠን ሳይሆን የማኒፎልዱን (አየሩ ወደ ሲሊንደሮቹ የሚገባበትን ቱቦ) ግፊት ስለሚያነብ የሞተሩን ማደግ የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ እዚህ የምጽፈው ለእሱ አይሠራም።

ችግሩ የሚመጣው በሩ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ሲያበቃ ነው። የሲሊንደሩ ስፋት ከ85.5 ወደ 90.5 ሚሊሜትር ሲያድግ፣ ምቱ (ፒስተኑ ከላይ እስከ ታች የሚሄደው ርቀት) 69 ሚሊሜትር እንደሆነ ቢቆይም፣ ሞተሩ 12 በመቶ ያህል ተጨማሪ አየር ይፈልጋል። በትንሹ ሞተር በሩ በደቂቃ 4,500 ዙር ላይ ጫፍ ይደርስ ከነበረ አሁን 4,000 ገደማ ላይ ይደርሳል። ከዚያ በላይ አየሩ እየጨመረ ይሄዳል፣ ኮምፒውተሩ ግን ጭማሪውን አያይም። በየደቂቃው የሚረጨው ቤንዚን ባለበት ይቆማል፣ ድብልቁም ይሳሳል (ከአየሩ አንጻር ቤንዚኑ ያንሳል)። ይህ የሚሆነው ነዳጅ መስጫው እስከ ወለሉ ተረግጦ ሞተሩ ከባድ ጭነት ላይ ባለበት ሰዓት ነው። በአየር ለሚቀዘቅዝ ሞተር ደግሞ ይህ የጭስ ባልቦላ የሚቃጠልበትና ቴስታ (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚዘጋው ክፍል) የሚሰነጠቅበት ሁኔታ ነው።

ብዙዎች የሚሞክሩት ከሁለት አንዱን ነው። የቤንዚኑን ግፊት ብቻ ከፍ ሲያደርጉ ከሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ ከሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር) ጀምሮ በሁሉም ዙር ድብልቁ ይወፍራል። የመለኪያውን ሞላ ሲያላሉ ደግሞ መኪናዋ ለጊዜው የተሻለች ትመስላለች፤ በሩ ግን ጫፍ የሚደርስበት ዙር ጭራሽ ይወርዳል፣ ማለትም ችግሩ ይብሳል። ትክክለኛው የዚህ ተቃራኒ ነው፦ ሞላውን ማጥበቅ፣ በዚያ የተነሳ የሚሳሳውን ድብልቅ በግፊት መመለስ። ሞላው ሲጠብቅ በሩ ያንኑ ያህል ለመከፈት ተጨማሪ አየር ይጠይቃል፤ መለኪያው በቀድሞው ዙር ላይ ጫፍ ይደርሳል።

ስሌቱ ደስ የሚል ነው፤ ሁለቱም በስኩዌር ሩት ስለሚሄዱ አንድ ቁጥር ለሁለቱም ያገለግላል። ኢንጀክተር የሚያወጣው መጠን በግፊቱ ስኩዌር ሩት ያድጋል። የፋብሪካው ግፊት 2.5 ባር ነው፤ ወደ 3.1 ባር ሲወጣ ግፊቱ በ24 በመቶ፣ መጠኑ ግን ወደ 11 በመቶ ይጨምራል። የሞላው ጉልበት በ24 በመቶ ሲጨምርም በሩን እዚያው ቦታ ለመያዝ የሚያስፈልገው አየር ወደ 11 በመቶ ያድጋል። ከሞተሩ ዕድገት ጋር ይገጥማል። ኢንጀክተሮቹም ክፍት የሚሆኑበት ጊዜ ከቀድሞው ስለማይረዝም የፋብሪካዎቹ ይበቃሉ። ለማረጋገጥ፦ በደቂቃ 4,500 ዙር ላይ አንዱ ዙር 13.3 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፤ ኢንጀክተሩ ከ11 ሚሊሰከንድ በላይ ክፍት ከሆነ ዳር ላይ ደርሷል ማለት ነው።

ወደ ማስተካከሉ ከመሄዴ በፊት ስለ ሞተሩ ጥቂት ልበል። 90.5 የመረጥኩት የሲሊንደሩ ግድግዳ ወፍራም ስለሆነ ነው፤ 92 በዚያው ቀዳዳ ይገባል፣ ግን ግድግዳው ስስ ነውና በሙቀት ቅርፁን ይቀይራል። ሞኖብሎኩና ቴስታው በቶርኖ መስፋት አለባቸው። የኮምፕሬሽኑ ነገርም አይዘንጋ፦ ፋብሪካው 7.3 ለ 1 አድርጎታል፤ የቴስታው ክፍተት ሳይነካ ስፋቱ ብቻ ሲያድግ 8 ለ 1 አካባቢ ይገባል። በፒስተኑ ጫፍና በቴስታው መካከል ከ1 ሚሊሜትር በታች አልተውኩም። ካምሻፍቱን (ባልቦላዎቹን የሚከፍተውን ዘንግ) አልቀየርኩም፤ የፋብሪካው ነው። ሁለቱ ባልቦላዎች አብረው ለረጅም ጊዜ ክፍት የሚሆኑበት የእሽቅድምድም ካምሻፍት አየሩን በሚኒሞ ወደ ኋላ ይመታዋል፤ የመለኪያው በር መርገብገብ ይጀምራል፣ ከዚያ በኋላ ምንም ዓይነት ማስተካከያ አይይዝም።

ያልተለካ አየር የዚህ ሥራ ጠላት ነው። በመለኪያው ሳያልፍ የሚገባ አየር ሁሉ ድብልቁን ያሳሳል። የዘይት መሙያው ክዳን፣ የዘይት መለኪያው ዘንግ፣ ከመለኪያው ወደ ስሮትል የሚሄደው ትልቁ ጎሚኒ፣ የኢንጀክተሮቹ ጓርኒሲዮን፣ ሁሉም መታየት አለባቸው። ፈጣኑ ፈተና ይህ ነው፦ ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ ሲሠራ የዘይት ዘንጉን ይሳቡት። ሞተሩ መንገዳገድ ወይም መጥፋት አለበት። ምንም ካልተሰማው ሌላ ቦታ ከዚያ የባሰ ቀዳዳ አለ።

የቤንዚን ጎሚኒዎችን በሙሉ ለኢንጀክሽን በተሠሩ ቀየርኩ። ለካርቡሬተር የተሠራ ጎሚኒ 3 ባር አይችልም፤ እየሞቀ ያብጥና ሞተሩ ላይ ይረጫል፣ ቮልስም የምትቃጠለው እንዲህ ነው። በኢንጀክተሩ ጅራት ላይ ያለውን አሮጌ ጎሚኒ በቢላ አይቁረጡት፤ ብረቱ ከተጫረ በዚያ ጭረት ቤንዚን ያንጠባጥባል። በጋለ የብየዳ ብረት ቀስ ብሎ መሰንጠቅ ይሻላል፣ ግን ቤንዚኑ ተጠርጎ ከወጣና ከደረቀ በኋላ፣ ክፍት ቦታ ላይ ብቻ። አራቱን ኢንጀክተሮች ለየብቻ የመለኪያ መስመር ባለው ብርጭቆ እየለካሁ አመዛዘንኳቸው፤ ከሌሎቹ ከ3 በመቶ በላይ የራቀውን አልገጥምም።

የሙቀት ሴንሰሩን በኦሞሜትር ይለኩት፦ በ20 ዲግሪ ወደ 2,500 ኦም፣ በ80 ዲግሪ ወደ 300 ኦም መሆን አለበት። አንዳንዶች ድብልቁን ለማወፈር ከዚህ ሴንሰር ጋር ተጨማሪ ሬዚስታንስ ይቀጥላሉ፤ ኮምፒውተሩ ሞተሩ ገና እንደቀዘቀዘ ያስባል። ለጥቂት ማስተካከያ ይጠቅማል፣ በሩ ጫፍ ሲደርስ ለሚመጣው መሳሳት ግን መፍትሔ አይሆንም።

አሁን መለኪያው። ባትሪውን ነቅዬ መለኪያውን አወጣሁና በሲሊኮን የተጣበቀውን ጥቁር ክዳን በስስ ምላጭ ዙሪያውን ከፈትኩ። ከውስጥ ጥርሳም ጎማ አለ፤ የሞላውን ጉልበት የሚወስነው እሱ ነው። የመጀመሪያ ቦታውን በቀለም ምልክት አድርጉ፤ ያለ ምልክት መመለሻ የለም። መለኪያውን ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት አቀማመጥ አስሬ፣ ከበሩ ጠርዝ ላይ በክር አነስተኛ ሚዛን አያያዝኩና በሩን ግማሽ ላይ የሚይዘውን ክብደት አነበብኩ። ለምሳሌ 50 ግራም ከሆነ አዲሱ 62 ግራም ይሆናል። መቆለፊያው ሽቦ ሲነሳ ጎማውን በካቻቢቴ አጥብቆ መያዝ ያስፈልጋል፤ ካመለጠ ሞላው ተፈትቶ ያልቃል። አንድ ወይም ሁለት ጥርስ እያጠበቁ መመዘን ነው።

ክዳኑ ክፍት እያለ የካርቦን ትራኩንም (የበሩን አከፋፈት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረውን ጥቁር መስመር) ይመልከቱ። የሚንሸራተተው እግር ለዓመታት አንድ መስመር ላይ ስለሚመላለስ መስመሩ ይበላል፤ መኪናዋ በተመሳሳይ ፍጥነት ስትሄድ የምታደርገው መንገጫገጭ ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው። የሰሌዳውን ብሎኖች አላልቶ በጥቂቱ ማንሸራተት እግሩን ያልተበላ መስመር ላይ ያወጣዋል። ትራኩን በጣት አይንኩ።

ግፊቱን ለማስተካከል የቫኪዩም ቱቦ ያለው ተስተካካይ ሬጉሌተር ገጠምኩ። ቱቦው ተነቅሎ 3.1 ባር፣ ቱቦው ሲገጠም በሚኒሞ በግማሽ ባር ገደማ ዝቅ ማለት አለበት። ሞተሩን ሳያስነሱ ፓምፑን ማሠራት ይቻላል፦ ቁልፉን ከፍቶ የመለኪያውን በር በጣት መግፋት ነው፤ የፓምፑ ኮንታክት እዚያው ውስጥ አለ። በዚህ መንገድ ለ5 ደቂቃ ግፊት ይዞ እያንዳንዱን ፋሸታ በደረቅ ጨርቅ እያበሱ ያረጋግጡ። በኋላ በመንገድ ላይ ዙሩ ሲወጣ ጌጁ ከ3.1 ከወረደ ፊልትሮው ተደፍኗል ወይም ፓምፑ ደክሟል።

የመጨረሻው ልኬት በማርሚታው ላይ በሚበየድ፣ ድብልቁን በሰፊ ልክ በሚያነብ (ዋይድባንድ) ኦክስጅን ሴንሰር ነው፤ በካንዴላ ቀለም መገመት ለዚህ ሥራ አይበቃም። ሚኒሞውን በመለኪያው የጎን ብሎን 13.5 አካባቢ (ለ1 ኪሎ ቤንዚን 13.5 ኪሎ አየር) አስቀመጥኩት። ቀስ ብሎ በሚነዳበት ጊዜ 14 አካባቢ፣ ሙሉ ነዳጅ ሲሰጥ ከ12.5 እስከ 12.8 እፈልጋለሁ። ኮምፕሬሽኑ ስላደገ የካንዴላውን እሳት ሙሉ ቅድሚያ (ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ በፊት እሳቱ የሚቀድምበትን ልክ) ከ28 እስከ 30 ዲግሪ ውስጥ ያዝኩ። ሁሉም ቦታ እኩል ከሳሳ ወይም ከወፈረ ግፊቱን በ0.1 ባር ማንቀሳቀስ ነው። ታች ደህና ሆኖ ላይ ብቻ ከሳሳ በሩ አሁንም ጫፍ እየደረሰ ነው፤ ሞላውን በአንድ ጥርስ ማጥበቅና ግፊቱን በዚያው ልክ መከተል ያስፈልጋል። ልኬቱ ከረጋ በኋላ ክዳኑን በአዲስ ሲሊኮን አሽጌ ለአንድ ሌሊት እንዲደርቅ ተውኩት፤ እርጥብ ሆኖ ሞተሩ ከተነሳ የሲሊኮኑ ትነት የኦክስጅን ሴንሰሩን ያበላሻል።