ቮልቴጅ ቀንሶ ፍጥነት መጨመር፦ 5600ኤክስ ላይ እስካሁን የደረስኩበት

ስለ ኦቨርክሎኩ (ፕሮሰሰርን ከፋብሪካ ፍጥነቱ በላይ ስለማስኬድ) ለጠየቃችሁኝ ሁሉ፣ የደረስኩበትን ይኸው። ፕሮሰሰሬ ኤኤምዲ ራይዘን 5 5600ኤክስ ነው፤ 6 ኮር (ራሱን የቻለ የስሌት ክፍል)፣ 12 ትሬድ (አብረው የሚሄዱ ሥራዎች)፣ መነሻው 3.7 ጊጋኸርዝ፣ ቡስት ሲያደርግ (ለጊዜው ራሱን ሲያፈጥን) እስከ 4.6። ቪዲዮ ስለማቀናብርበት ሬንደር ቶሎ እንዲያልቅልኝ እፈልጋለሁ። ሬንደሩ መሃል ላይ ሪስታርት የሚያደርግ ማሽን ግን የቱንም ያህል ቢፈጥን አይረባኝም።

ኦቨርክሎክ ሲባል ብዙዎቻችን የለመድነው ባዮስ (የማዘርቦርዱ ቅንብር) ገብቶ መልቲፕላየሩን፣ ማለትም የፍጥነት ማባዣውን፣ እና ቮልቴጁን ከፍ ማድረግን ነው። ለዚህ ቺፕ ይህን መንገድ አልመክርም። ሁሉንም ኮር አንድ ፍጥነት ላይ ስትቸነክሩት አንድ ኮር ብቻውን ሲሠራ የሚደርስበትን ከፍታ ታጣላችሁ። ሙቀቱ ደግሞ የሚጨምረው በቮልቴጁ ካሬ ልክ ነው፤ ፍጥነቱን ሳትነኩ ቮልቴጁን 10 በመቶ ብትጨምሩ የሚበላው ኃይል በ21 በመቶ ገደማ ያድጋል።

እኔ የሄድኩት በተቃራኒው ነው። ቺፑ ከፋብሪካ ሲወጣ 76 ዋት የኃይል ጣሪያ፣ 95 ዲግሪ የሙቀት ጣሪያ አለው። እያንዳንዱ ኮር ባነሰ ቮልቴጅ መሥራት ከቻለ፣ በዚያው ጣሪያ ሥር ፍጥነቱን ራሱ ከፍ ያደርጋል። ይህ የሚስተካከለው በፒቢኦ (ባዮስ ውስጥ ባለው የኤኤምዲ የፍጥነት መጨመሪያ) ሥር ባለው ከርቭ ኦፕቲማይዘር፣ ማለትም የየኮሩን ቮልቴጅ መቀነሻ ነው፤ ለየኮሩ እስከ -30 ድረስ መቀነስ ይቻላል፣ አንዱ ቁጥር ከ3 እስከ 5 ሚሊቮልት ገደማ ነው። ፒቢኦ ሲበራ የአምራቹ ዋስትና እንደማይሸፍነው ግን ቀድማችሁ እወቁ።

አሁን ዋናው ጉዳይ። ሲኔቤንች አር23 የሚባለውን የፍጥነት መለኪያ ደጋግሞ ማለፉ ማሽኑ አስተማማኝ ነው ማለት አይደለም። ሁሉም ኮር አብሮ ሲሠራ ፍጥነቱም ቮልቴጁም ዝቅ ይላል። ቮልቴጁ ለፍጥነቱ የማይበቃው አንድ ኮር ብቻውን ተነስቶ 4.6 ላይ ሲወጣ፣ ለምሳሌ ብራውዘር ስትከፍቱ ነው። ስለዚህ ከባዱን ፈተና ያለፈ ማሽን ሥራ ፈትቶ ሳለ ድንገት ሪስታርት ሊያደርግ ይችላል።

ይህን የሚያጋልጠው ኮርሳይክለር የሚባለው ነፃ መሣሪያ ነው። ፕራይም95 የሚባለውን የስሌት ፈተና በየተራ አንድ ኮር ላይ ብቻ ያስኬዳል። ኤስኤስኢ በሚለው ሞድ አስኪዱት፤ ጭነቱ ቀለል ስለሚል ኮሩ ከፍተኛ ፍጥነቱ ላይ ይወጣል። የኔዎቹ አራቱ ኮሮች -25ን ያለችግር ቻሉ። ኤችደብሊውኢንፎ የሚባለው የሃርድዌር መከታተያ ምርጥ ብሎ የሚያወጣቸው ሁለቱ ግን ስክሪኑ ምንም ሳይል፣ ማሽኑም ሳይጠፋ፣ የስሌት ስህተት እያሳዩ ቆሙ። አንዱ -12፣ ሌላው -8 ላይ ነው የረጋው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ምርጥ ኮር ከፋብሪካም ባነሰ ቮልቴጅ ስለሚሄድ የሚቀነስለት ትርፍ የለውም። ስለዚህ ለሁሉም ኮር አንድ ቁጥር አትስጡ።

ለእኛ አገር ሰው አንድ ነገር ልጨምር። ሌሊቱን ፈተና አስጀምራችሁ ጠዋት ማሽኑ ሪስታርት አድርጎ ካገኛችሁት፣ መብራት ሄዶ ይሁን ክራሽ አድርጎ አታውቁም። ኢቨንት ቪውወር (የዊንዶውስ የክስተት መዝገብ) ውስጥ ያለው ከርነል-ፓወር 41 የሚባለው መልእክት በሁለቱም ይመዘገባል፣ ስለዚህ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የደብሊውኤችኢኤ (የዊንዶውስ የሃርድዌር ስህተት) መዝገብ ካለ ጥፋቱ በእርግጥ ከሃርድዌሩ በኩል ነው። ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ማሽኑን የሚያቆይ ባትሪ) ካላችሁ ጥርጣሬው ይወገዳል። ያለ ዩፒኤስ ደግሞ ባዮስ አፕዴት ማድረግ አይታሰብም።

ማቀዝቀዣዬ ባለ አንድ ፋን ታወር ኩለር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ላይ ስላለች፣ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አራተኛ ገደማ ይሳሳል። ፋኑ በዚያው ፍጥነት ቢዞርም የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል፤ ስለዚህ ውጭ የተለካ የኩለር ውጤት እኛ ዘንድ እንዳለ አይሠራም። የሚክሰን የክፍላችን ቅዝቃዜ ነው። በቺፑና በኩለሩ መሃል የሚገባው ሙቀት አስተላላፊ ፔስት ሽምብራ የምታክል መሃል ላይ ይበቃል። ራይዘን ሙቀቱ በሰከንድ ውስጥ ስለሚዘል ፋኑ እንዳይጮህ ባዮስ ውስጥ ጥቂት ሰከንድ መዘግየት ስጡት። በበጋ የኬዙን የአቧራ ማጣሪያ ቶሎ ቶሎ ማጽዳት የግድ ነው።

ውጤቱ፦ የኃይል ጣሪያውን ሳልነካ ሲኔቤንች ላይ የሁሉም ኮር ፍጥነት ከ4.3 አካባቢ ወደ 4.5 ወጥቷል፤ ክፍሉ 21 ዲግሪ ሆኖ ቺፑ ከ68 አላለፈም። ጣሪያውን ወደ 95 ዋት ሳነሳው ፍጥነቱ ትንሽ ሲጨምር ሙቀቱ 10 ዲግሪ ያህል ስለዘለለ ወደ 76 መልሼዋለሁ። ለእኔ አያዋጣም።

ቀጣዩ ሜሞሪው ነው። እስካሁን ሆን ብዬ አልነካሁትም፤ ሜሞሪውና ፕሮሰሰሩ አብረው ከተነኩ ክራሹ የማን እንደሆነ መለየት አይቻልም። ይህንኑ ቺፕ ይዛችሁ ድሬዳዋ ወይም ሌላ ቆላ ያላችሁ፣ የቺፑን ሙቀት ከክፍላችሁ ሙቀት ጋር አብራችሁ ጻፉልኝ። ልዩነቱን ካላየን ማነጻጸር አንችልም።