የእትዬ ደብተር

እሑድ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ በራችን ተንኳኳ። በዚህ ሰዓት የሚያንኳኳ ወይ መርዶ ነጋሪ ነው ወይ ጎረቤት። ጎረቤት ነበሩ።

ስማቸው ይቅር፤ እትዬ እያልኩ ልቀጥል። ነጠላቸውን ተከናንበው ወደ ቤተ ክርስቲያን እየሄዱ ነው። እጃቸው ላይ ግን የተማሪ ደብተር ይዘዋል። የልጅ ልጃቸውን የቤት ሥራ እንዳግዝ የመጡ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። መነጽራቸውን አደረጉና አነበቡልኝ።

"ማክሰኞ ሌሊት፣ ከ7፡20 እስከ 8፡10። ረቡዕ፣ 8 ሰዓት ላይ፣ ትንሽ። ሐሙስ፣ ከ7 ሰዓት እስከ 8 ከሩብ፣ ሁለቱም አንድ ላይ። ዓርብ የለም።"

"ምንድን ነው እትዬ?"

"ውሾችህ ናቸዋ!"

ሳቅኩ። ያ ሳቅ ባይኖር ኖሮ ግማሹ ጣጣ አይመጣም ነበር። እሳቸው ደብተሩን አጠፉ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ "እግዜር ይይልህ" ብለው ሄዱ።

የመጀመሪያው ስሞታ አልነበረም። ከዚያ በፊት ቡቺ በራቸው ላይ ተጸዳድቶ መጥተዋል። ሌላ ቀን ደግሞ ቡቺ ጅራቱን እየቆላ ሮጦ ነጠላቸውን በአፍንጫው ነካባቸው። "ውሻ ነክቶኝ እንዴት ብዬ ቅዳሴ እገባለሁ?" ብለው ከመንገድ ተመለሱ። እኔ ደግሞ የጦቢያን ውሻ ላነሳባቸው አልኩ። በመጽሐፈ ጦቢት ልጁ ከመልአኩ ሩፋኤል ጋር መንገድ ሲጀምር ውሻውም ተከትሏቸው ይሄዳል። መልአክ ያልተጸየፈውን ልል አፌን ስከፍት እናቴ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። እንኳንም አደረገችኝ።

ቤታችን ኮተቤ ነው። ከላያችን የየካ ተራራ አለ፤ ማታ ጅብ ይወርዳል። ይህ የድሮ ወሬ የሚመስለው ካለ አንድ ሌሊት መጥቶ ይደር። ሁለት ውሾች አሉን። ትንሹ ቡቺ ነው። ቡቺ እንኳ ስም አይባልም፤ የአዲስ አበባ ውሻ ግማሹ ቡቺ ነው። በክረምት ዝናብ ሲመታው በራችን ሥር ሾልኮ ገባ፤ በዚያው ቀረ። የትልቁ ስም ግን ማብራሪያ ይፈልጋል።

ትልቁ ይበሉ ይባላል። ስሙን ያወጣችው እናቴ ናት። አባቴ ትቶን የሄደ ሰሞን ሰፈሩ ሁሉ አፉን ከፈተብን። እናቴ ለማንም መልስ የምትሰጥ ሴት አይደለችም። አንድ ቡችላ አመጣችና ይበሉ አለችው። ያሻቸውን ይበሉ ማለቷ ነው። ድሮ ለውሻ ስም ሲወጣ ለውሻው ብቻ ተብሎ አልነበረም፤ አጥር ማዶ ለሚሰማውም ጭምር ነው። አያቴም ምን ቸገረኝ የሚባል ውሻ ነበራት። ማታ ደጃፏ ላይ ቆማ "ና፣ ምን ቸገረኝ! ምን ቸገረኝ!" እያለች ስትጣራ የሚገባው ሰው ይገባዋል።

እትዬ ወደ ሰፈራችን የመጡት ከሦስት ዓመት በፊት ነው። የአባቴን ታሪክ አያውቁም። እሳቸው የሚያውቁት ጠዋት ስሞታ ይዘው ሲመጡ፣ ማታ ደግሞ እናቴ በአጥሩ በኩል "ይበሉ! ይበሉ!" እያለች ስትጮኽ ነው። ለዕድራችን ዳኛ "ስም አውጥተው በውሻ ይሰድቡኛል" ብለው ነገሩ። ዳኛው መጥተው ሲጠይቁን እናቴ የምትለው ጠፋት። እውነቱን ብትናገር የአባቴ ጉዳይ እንደ አዲስ ሊነሳ ነው። ዝም ብትል ጥፋተኛ ናት። "ውሻው ስሙን ለምዶታል፤ ቢቀየርበት አይሰማም" አለች። ይህም ሌላ ስድብ ሆኖ ተቆጠረ።

እኔ በበኩሌ ንዴት ላይ ነበርኩ። ጥር ውስጥ አንድ ጠዋት ግቢያችን መሀል ሥጋ ያልተጋጠ ጥሬ አጥንት አገኘሁ። ሥጋ ውስጥ መርዝ ተደርጎ ውሻ ሲገደል ያየ ሰው ወዲያው ምን እንደሚያስብ የታወቀ ነው። አጥንቱን በፌስታል ጠቅልዬ፣ ማስረጃ ይሆናል ብዬ ፍሪጅ ውስጥ ከተትኩት። እናቴ ለቅቅል ልታወጣው ስትል ደረስኩባት። በሦስተኛው ቀን አንድ አሞራ ሌላ አጥንት ጣሪያችን ላይ ጥሎ ሲሄድ በዓይኔ አየሁ። ከታች ካለው ልኳንዳ የሚያመላልሰው እሱ ነው። እትዬን ይቅርታ አልጠየቅኩም፤ መጠርጠሬን አያውቁማ። በአጥራቸው በኩል ሳልፍ ግን ለጥቂት ቀን አንገቴን ደፋ አደርግ ነበር።

ከደብተሩ በኋላ ጠበቃ ለሆነ ጓደኛዬ ደወልኩ። "በገዛ ግቢያችን ውሻችን ቢጮኽ ምን አገባቸው?" አልኩት።

"በል እንግዲህ ስማ" አለኝ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1225 አለ። ባለንብረት ጎረቤቱን ከመልካም ጉርብትና ልክ ባለፈ ጭስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ድምፅ ወይም ንዝረት ማስቸገር የለበትም ይላል። ድምፅ የምትለዋን ሁለት ጊዜ ደገማት። በዚያም አላበቃ፤ አንቀጽ 2071ን ጨመረልኝ። እንስሳ ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊው ባለቤቱ ነው፣ ድንገት አምልጦ ያደረሰው ቢሆንም እንኳ። "ስለዚህ ቡና ይዘህ ሂድ" ብሎ ስልኩን ዘጋ። ለእኔ ይከራከራል ያልኩት ሰው የእትዬ ጠበቃ ሆኖ አረፈው።

አልሄድኩም። ደብተሩ ግን ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ሰው ሌሊት ተነስቶ፣ መብራት አብርቶ፣ መነጽር ፈልጎ ሰዓት የሚጽፈው ምን ቢብሰው ነው? ሁልጊዜ "እኔ አልሰማሁም" ነበር የምላቸው። እየዋሸሁ አልነበረም። በእውነት አልሰማም። የራስ ውሻ ጩኸት እንደ ፍሪጅ ድምፅ ነው፤ አለ፣ ግን የለም። አንድ ማታ ስልኬን ውሻ ቤቱ ጣሪያ ላይ አስቀምጬ ድምፅ መቅጃውን ከፈትኩና ተኛሁ።

ጠዋት አዳመጥኩት። እስከ 7 ሰዓት ምንም የለም። 7፡25 ሲል ከሩቅ የጅብ ድምፅ። ከዚያ ዝም። ውሾቻችን በሕይወት ያሉም አይመስሉም። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ቡቺ ጀመረ፣ ይበሉ ተከተለ፣ እስከ 8፡15 አልበረዱም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚለውን ተረት ለፈሪ ሰው የሚባል ስላቅ አድርጌ ነበር የማውቀው። ለካ የዓይን ምስክር ነው የተረተው። እኔ ደግሞ ሃምሳ ደቂቃ ሙሉ ለጥ ብዬ ተኝቼ ነበር።

በዚያው ቀን ቡና ይዤ ሄድኩ።

እትዬ ሌሊት 10 ሰዓት ተነስተው ለሆቴል እንጀራ እንደሚጋግሩ የሰማሁት ያን ዕለት ነው። ቀን መብራት ይቆራረጣል፤ በሌሊት ይሻላል። ማታ 3 ሰዓት ይተኛሉ፣ 10 ሰዓት ይነሳሉ። ከመሀሏ አንድ ሰዓት ከተወሰደች ሌላው እንቅልፍም አብሮ ይሄዳል። "እስኪ ና እይ" ብለው መኝታ ክፍላቸውን አሳዩኝ። ከመስኮቱ እስከ አጥሩ አንድ እርምጃ ነው። ከአጥሩ ማዶ ያለው የቆርቆሮ ጣሪያ የኛ ውሻ ቤት ነው። ውሻ ቤቱን ስሠራ በዚያ በኩል ባዶ መሬት ነበር፤ ቤቱ የተሠራው በኋላ ነው። ይህንን ልናገር ብዬ ትራሳቸውን አየሁትና ተውኩት። ሁለት ሜትር ቢርቅ ነው።

ማታ ለእናቴ ስነግራት ትንሽ አሰበችና "ታዲያ ሰሞኑን እንጀራቸው ዓይን ያጣው በእኛ ነዋ" አለች። ለካ እሷም ከእሳቸው ነው የምትገዛው። ተኮራርፈው እንኳ በሠራተኛ እያስላከች ትገዛ ነበር።

ደብተሩን ተውሼ ወሰድኩት። ከታኅሣሥ ጀምሮ የተመዘገበ ነው፤ የሚገርም ጥንቃቄ አለው። ሁዳዴ ከገባ ወዲህ ጩኸቱ ይረዝማል፤ በሳምንት ሁለት የነበረው አምስት ሌሊት ይሆናል። ልኳንዳው ለጾሙ ተዘግቷል። የሚጣል አጥንት የለም። ጅቡ ታዲያ የት ይሂድ? በየአጥሩ ሥር ይዞራል። ትግራይ ውስጥ ተሠርቶ በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት ትዝ አለኝ። ተመራማሪዎቹ የጅብ ኩስ ሰብስበው ውስጡ ያለውን የእንስሳት ፀጉር ለዩ። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት፣ የሥጋ ትርፍራፊ ሲጠፋ፣ ጅቦቹ አህያ መብላት ያበዛሉ። ኮተቤ ያለው ጅብም ሳይወድ በግዱ መጾሙ ነው። እትዬ ጾመው፣ ልኳንዳው ጾሞ፣ ጅቡ ጾሞ፣ ጣጣው ዞሮ ዞሮ እሳቸው መስኮት ላይ አረፈ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ከስሞታዎቹ በአንዱ "ለመሆኑ ተከትበዋል?" ብለውኝ ነበር። "አዎ፣ ሁለቱም" አልኩ። ይበሉ ተከትቧል። ቡቺ ግን ዛሬ ነገ ስል ዓመት አልፎት ነበር። ነገሩን የማላውቅ ቢሆን ይሻል ነበር። ልጅ ሆኜ ውሻ ነክሶኝ ያውቃል። እናቴ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ ደጋግማ አጥባ ፓስተር ወሰደችኝ፤ እምብርቴ ዙሪያ 14 ቀን በተከታታይ ተወጋሁ። በየቀኑ ታክሲ ውስጥ ሆኜ አለቅስ ነበር፤ እናቴ ደግሞ በየቀኑ ማስቲካ ትገዛልኛለች። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ አድን መድኃኒት እንደሌለው ያኔ ነው የሰማሁት። ይህን ሁሉ እያወቅኩ ነው ለአንዲት ትልቅ ሴት በራቸው ላይ ቆሜ የዋሸሁት።

ቡቺን አስከተብኩት። ካርዱን ይዤ ሄድኩና እውነቱን ነገርኳቸው።

"አውቄ ነበር" አሉኝ። "ሐኪሙ የመጣ ቀን በመስኮት አይቻለሁ። የወጋው ትልቁን ብቻ ነው።" ስሙን አይጠሩም፤ ትልቁ ነው የሚሉት።

"ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?"

"አንተ ራስህ እስክትመጣ ነዋ።"

ውሻ ቤቱን ለማዛወር ሁለት ቅዳሜ ፈጀብኝ። አሁን ያለው እኔ መስኮት ሥር ነው። ነገሩን የሚጀምረው ቡቺ ስለሆነ ማታ ማታ ሰርቪስ ቤት አስገብቼ እዘጋበታለሁ፤ ይበሉ ብቻውን ሲሆን ቶሎ ይሰለቸዋል። ፈጽሞ ዝም አሉ ማለቴ አይደለም። እንቅልፍ የሚያጣው ሰው ተቀየረ። የፍሪጅ ድምፅ ያልኩትን ነገር አሁን ትራሴ ላይ ሆኜ እሰማዋለሁ፤ ፍሪጅ አይመስልም።

ደብተሩን ልመልስ ስሄድ እትዬ አልተቀበሉኝም። ገለጥ ገለጥ አድርገው "ገና ግማሹ አልተጻፈበትም፤ አንተ ጨርሰው" አሉኝ። ይህን ማስታወሻ የምጽፈው ከኋላው ገጾች ላይ ነው። ከፊቱ ደግሞ በእኔ እጅ የተጻፈ አለ፦ "ሰኞ፣ 7፡50፣ ጅብ። 7፡55፣ ይበሉ። 8፡10 አቆመ። 9 ሰዓት፣ ቡቺ ከሰርቪስ ቤት፣ ምክንያቱ አልታወቀም።"

ከፋሲካ በኋላ እናቴ ራሷ እትዬን ቡና ጠራቻቸው። የስሙን ነገር፣ የአባቴን ነገር፣ ያን ሰሞን ሰፈሩ ያለውን ሁሉ ዘርዝራ ነገረቻቸው። ለእኔ እንኳ ያልነገረችኝ ነበረበት። እትዬ ስኒያቸውን አስቀምጠው እስከ መጨረሻው ሰሙ።

"እና ለእኔ አይደለም?" አሉ።

"ኧረ በፍጹም! እርስዎ ሳይመጡ የወጣ ስም ነው።"

ትንሽ ቅር ያላቸው መሰለኝ።

ትናንት ደግሞ አዲስ የጋገሩትን ይዘው በር ላይ ቆመዋል። አልገባም፣ ሥራ አለኝ ይላሉ። እናቴ ከማድቤት ሆና "ኧረ ይበሉ፣ ይግቡ!" ብላ ተጣራች። ፀሐይ ላይ ተጋድሞ የነበረው ውሻ ብድግ አለ፣ አቧራውን አራገፈ፣ በእትዬ ፊት አልፎ ሳሎን ገባ።

እትዬ እንጀራቸውን እንደያዙ ዞር ብለው አዩኝ። "እኔን ነው እሱን?" አሉ።