ዳገት ላይ ብቻ የምትጠፋው ቮልስ

ከፒያሳ ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ በሚወርደው መንገድ ጀርባ፣ ሦስት መኪና ከገባ አራተኛው ደጅ በሚያድርበት ጠባብ ጋራዥ ውስጥ እሠራ በነበረበት ጊዜ፣ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር በፈረንጆቹ 1966 የተሠራች ባለ 1300 ቮልስዋገናቸውን ይዘው መጡ። መኪናዋ ተገፍታ ሳይሆን በራሷ ሞተር፣ ያንን የታወቀ ድምጿን እያሰማች ስለገባች፣ ችግሩ ምን እንደሆነ ስጠይቃቸው ገና ከመጀመሪያው ጥያቄዬ ውስጥ ጥርጣሬ ነበረበት።

«እየሄደች ትጠፋብኛለች፣ ልጄ። ቁልፉን መልሼ ስጠመዝዘው ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ትነሣለች» አሉኝ።

ትጠፋለች ያሉትን ያዝኩ፤ ወዲያው ትነሣለች ያሉትን ግን እንደ ሽማግሌ ወግ ቆጥሬ አለፍኩት።

የኋላውን ኮፈን ከፍቼ ሞተሩን በሚኒሞ፣ ነዳጅ ሳልሰጠው በራሱ እንዲዞር፣ ብተወው ሩብ ሰዓት ሙሉ ሳይዛነፍ ሠራ። ነዳጅ ስሰጠው ግን አንድ ሁለት ጊዜ የሳል ዓይነት ድምፅ ስላሰማኝ፣ ቤንዚን እያጠረው ነው ብዬ ወሰንኩ። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡራተር ፈትቼ ዥግለሮቹን፣ ቤንዚን የሚያልፍባቸውን ጠባብ ቀዳዳዎች፣ በአየር ነፋሁ፣ የቤንዚን ፖምፓውን ከፍቼ ሸራውን አየሁ፣ ማጣሪያውን አጠብኩ። ሥራው በንጽሕና የተሠራ ነበር፤ ዛሬም አላፍርበትም። መምህሩ ከፍለው ሄዱና በሦስተኛው ቀን ተመለሱ።

በዚህ ጊዜ ያነሣሁት ምክንያት በጋራዥ ሠራተኞች ዘንድ የተወደደው የሙቀት ጉዳይ ነበር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝና አየሩም ስስ ስለሆነ፣ ቤንዚን እዚህ ከቆላው አገር ባነሰ ሙቀት ይተናል፤ የቮልስ ፖምፓ ደግሞ ሞተሩ ላይ የታሰረ በመሆኑ በመንገድ መጨናነቅ ጊዜ ይግላል፣ መስመሩ ውስጥ እንፋሎት ሲፈጠርም ቤንዚን መግፋት ያቅተዋል። ይህ በእርግጥ የሚያጋጥም ነገር ነው፤ በዚያች መኪና ላይ ግን አልነበረም። ሙቀት ይጎዳዋል የሚባለው ሌላው ዕቃ የባትሪውን ኤሌክትሪክ ለሻማ እሳት እንዲበቃ የሚያጎላው ቦቢና ስለሆነ እርሱንም ለመቀየር ተነሣሁ። መኪናዋ ባለ 6 ቮልት ናት፤ የ12 ቮልት ቦቢና በየሱቁ ሞልቶ ሳለ የ6 ቮልቱን ለማግኘት የመኪና ዕቃ የሚሸጥበትን ሶማሌ ተራ ግማሽ ቀን ዞርኩ፣ በዋጋውም አልተከራከርኩም፤ የሚከፍሉት መምህሩ ነበሩና። ኮንደንሰሩንም አብሬ ለወጥኩት። እሳቱን ለሻማዎቹ በሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር ውስጥ እየተከፈተና እየተዘጋ እሳት የሚያስነሣውን ፕላቲን፣ ክፍተቱን በፊለር ስለካው 0.4 ሚሊሜትር ሆኖ ስላገኘሁትና ፊቱም ስላልተበላ አልነካሁትም።

በማግስቱ መኪናዋ ቴዎድሮስ አደባባይ፣ ከሴባስቶፖል መድፍ ምስል አጠገብ፣ በሥራ መውጫ ሰዓት ጠፋች። ከኋላ የተሰለፉት ታክሲዎች ጥሩምባ እየነፉ ሳለ አንድ መንገደኛ ቀረብ ብሎ ውሃ ይጨምሩባት ብሎ እንደመከራቸው ሲነግሩኝ፣ በአየር የሚቀዘቅዝ ራዲያተር የሌለው ሞተር ነው ብዬ ሳቅሁ። እርሳቸው ግን አልሳቁም። ለነገሩ ያ መንገደኛ ለምክሩ ገንዘብ አላስከፈላቸውም።

የጋራዡ ባለቤት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አዛውንት መካኒክ፣ እስከዚያ ድረስ በጉዳዩ አልገቡም ነበር። በዚያን ዕለት ግን እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ መጥተው ለመምህሩ ወንበር አቀረቡላቸውና ጠየቁ።

«ከመጥፋቷ በፊት ትንቀጠቀጣለች፣ ጉልበቷስ እየደከመ ይሄዳል?»

«የለም። መብራት እንደሚጠፋ ነው፣ ድርግም።»

«ስትጠፋ ቀይዋ የዲናሞ መብራት ትበራለች?»

«ፍሪሲዮን ስረግጥ ትበራለች።»

«ለማስነሣት ምን ያህል ጊዜ ይቆያሉ?»

«ምንም አልቆይም። ለዚህኛው ልጅም ነግሬዋለሁ።»

ጋሼ ወደ እኔ ዞረው አላዩኝም፤ ቢያዩኝ ይሻለኝ ነበር። ቆይተው እንዳስረዱኝ፣ ቤንዚን ያጠረው ሞተር የካርቡራተሩ ጎድጓዳ ውስጥ የቀረውን እስኪጨርስ እየተንገዳገደ ነው የሚጠፋው፤ የጋለ ፖምፓና የጋለ ቦቢናም እስኪበርዱ ጊዜ ይፈልጋሉ። ድርግም ብሎ የሚጠፋና በዚያው ቅጽበት የሚነሣ ሞተር ግን የኤሌክትሪክ መስመሩ አንድ ቦታ ላይ እየተቋረጠ መልሶ ይገጥማል ማለት ነው። ቀይዋ መብራት ከበራች ደግሞ ኤሌክትሪክ ከባትሪ ተነሥቶ ቁልፉን አልፏል፤ ስለዚህ የሚፈለገው ቦታ ከቁልፉ ወደ ሞተሩ ባለው መስመር ላይ ነው። እኔ ሁለት ሳምንት የፈጀሁበትን ጉዳይ እርሳቸው በሦስት ጥያቄ ወደ አንድ የሽቦ መስመር አጠበቡት።

ከዚያ መምህሩን ራሳቸውን መሪ ላይ አስቀምጠን በቸርችል ጎዳና እስከ ለገሃር ወረድን። ቁልቁለቱን ምንም አላለችም። ስንመለስ ብሔራዊ ቴአትርን አልፈን፣ ፖስታ ቤቱን ተሻግረን፣ መምህሩ እግራቸውን ግማሽ ነዳጅ ላይ አጽንተው ዳገቱን እንደጀመሩ ጠፋች። እግራቸውን አንሥተው ቁልፉን ሲጠመዝዙት ተነሣች፤ ግማሽ ነዳጅ ሲሰጧት ደግሞ ጠፋች።

«መምጠጫው ነው» አሉ ጋሼ።

የዚያ ዘመን ቮልስ ዲስትሪቢዩተር እሳቱን የሚያስቀድመው በካርቡራተሩ መምጠጥ ነው። ነዳጅ ሲሰጥ ቀጭኑ ቱቦ አየር ይስባል፣ ፕላቲኑ የታሰረበት ሳህንም አብሮ ይዞራል፤ በሚኒሞ ላይ ግን ሳህኑ ቦታውን አይለቅም። ጋራዡ ውስጥ ሩብ ሰዓት ሙሉ ሳይዛነፍ የሠራልኝም ለዚህ ነበር። ያ ሳል ደግሞ ሳህኑ ለቅጽበት ዞሮ የተመለሰበት ድምፅ ነበር።

ጋራዥ ስንደርስ ጋሼ የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን አነሡና ከዳሽቦርዱ የነቀሉትን ባለ 6 ቮልት ትንሽ አምፖል አንዱን ጫፍ ወደ ዲስትሪቢዩተሩ በሚሄደው የቦቢናው እግር ላይ፣ ሌላውን ማሳ፣ ማለትም የሞተሩ ብረት ላይ አሰሩት። የሞተሩን ፑሌጃ፣ ቺንጋ የሚዞርበትን ጎማ መሰል ብረት፣ በእጃቸው አዙረው ፕላቲኑ ገና እንደተዘጋ አቆሙት፤ አለዚያ ሳህኑ ሲዞር ፕላቲኑ ራሱ ይከፈትና ያታልላል። ቁልፉ ተከፈተ። ፕላቲኑ ዝግ ሲሆን ኤሌክትሪኩ በእርሱ በኩል ወደ ማሳ ስለሚያልፍ አምፖሉ ጨለማ ነበር። ጋሼ ጎንበስ ብለው የመምጠጫውን ቱቦ በአፋቸው ሳቡት። ሳህኑ ጥቂት ዞረ፣ ፕላቲኑ እንደተዘጋ ነው፣ አምፖሉ ግን ፈካ። ቱቦውን ለቀቁት፤ ጠፋ። ሳቡት፤ ፈካ።

ከፕላቲኑ ተነሥቶ ወደ ዲስትሪቢዩተሩ ግድግዳ የሚሄደውን የጣት ርዝመት እንኳ የሌለውን ሽቦ በፒንሳ ጫፍ ይዤ ቀስ ብዬ ስስበው፣ ሽፋኑ እንደ ላስቲክ ተለጠጠ። ከላይ ምንም ጭረት አልነበረበትም፤ ውስጡ ያለው መዳብ ግን ተበጥሶ፣ ሳህኑ በቦታው ሲሆን ጫፍ ለጫፍ ይነካካል፣ ሲዞር ይለያያል። የተበጠሰውም ሲገጠም እንዲላወስ ትርፍ ሳይተውለት ተወጥሮ ስለታሰረ፣ ሳህኑ በዞረ ቁጥር እየተሳበ ነው።

ጋሼ የሥራ መዝገቡን አምጣ አሉኝ። ያንን ፕላቲን የገጠመው ማን እንደሆነ ያኔ ገባኝና ገጾቹን ስገልጥ እጄ ከበደኝ። ከአራት ወር በፊት በራሴ እጅ ጽሑፍ፣ «ቮልስ፣ ፕላቲን ተቀየረ» ይላል። ፊቱ አልተበላም ብዬ ያልነካሁት፣ ያልጠረጠርኩትም ዕቃ የራሴው ሥራ ነበር።

አዲስ ፕላቲን ገጠምኩ፤ ሽቦው ሳህኑ ሙሉ በሙሉ ሲዞርም እንዳይወጠር ትርፍ ትቼለት፣ ጋሼ ቱቦውን እየሳቡ ሦስት ጊዜ አሳዩኝ። የፕላቲኑ ክፍተት ሲለወጥ የእሳቱ ሰዓትም ስለሚዛባ፣ ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ ከመድረሱ 7.5 ዲግሪ ቀድሞ እንዲነሣ በዚያው አምፖል መለስነው። የድሮዋ ቦቢና ደኅና ስለነበረች እርሷን መልሼ አሰርኩ፤ የአዲሷ ዋጋና የካርቡራተሩ እጥበት ከደመወዜ ተቆርጦ ለመምህሩ እንዲመለስ ጋሼ ወሰኑ፤ እኔም አልተከራከርኩም።

ለሙከራ ስንወጣ መምህሩ ከጎናቸው አስቀመጡኝ። ከፖስታ ቤቱ በላይ ያለውን ዳገት ሲጀምሩ ቀኝ እጃቸው ከልማድ ወደ ቁልፉ ሄደ፣ መድፉን እስክናልፍም እዚያው ቆየ። ማዘጋጃ ቤቱ ፊት ስንደርስ እጃቸውን ወደ መሪው መለሱና፣ «ያችን አዲሷን ቦቢና ግን ለሌላ እንዳትሸጣት፤ የ6 ቮልት ዕቃ አይገኝም ብለኸኛል» አሉኝ። ገንዘቡን ሳይቀበሉ ቦቢናዋን በጨርቅ ጠቅልለው የፊት ኮፈኑ ሥር አስቀመጧት።