ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሐረጎን ከመውረዳችሁ በፊት ፍሬኑን ስሙት

ደሴ ላይ ውጭ ያደረ መኪና በክረምት ጠዋት የመጀመሪያዎቹን አራት አምስት ፍሬኖች ሲጥጥ ቢል አትደንግጡ። ጉሙና የሌሊቱ እርጥበት ከጎማው ጋር የሚዞረውን የፍሬን ዲስክ ስስ ዝገት ያለብሰዋል። ዲስኩን የሚጨብጠው የፍሬን ሸራ ያንን ጠርጎ እስኪጨርስ ይጮኻል፣ ከዚያ ይተዋል። ይህ ጥገና አይፈልግም። ከዚያም በኋላ የማይተው ድምፅ ግን ምን እንደጎደለው ራሱ ይናገራል። ሳንሰማው ቀጥታ ሸራ ስለምንቀይር ነው አዲስ ሸራ የገባለት መኪና በሳምንቱ ተመልሶ የሚጮኸው።

ስለዚህ ጎማ ከመፍታታችሁ በፊት ጸጥ ያለ ሜዳ መንገድ ፈልጉና መስኮቱን ከፍታችሁ በ20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ንዱ። ፍሬን ሳትረግጡ የሚያፏጭ፣ ለስለስ አድርጋችሁ ስትረግጡ ግን የሚጠፋ ወይም የሚለወጥ ድምፅ ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሸራው ማለቂያ ምልክት ነው። ብዙ ሸራዎች ጫፋቸው ላይ ቀጭን የብረት ምላስ አላቸው። ሸራው ተበልቶ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ሲቀረው ምላሱ ዲስኩን መንካት ይጀምራል። የተሠራውም ለዚሁ ነው። ስትረግጡ ብቻ የሚመጣ ረጅም ቀጭን ፉጨት ከሆነ ሸራው ገና ያላለቀ ሊሆን ይችላል። የዚህን ነገር ከታች በሰፊው አመጣዋለሁ። ብረት ከብረት ሲፋጭ የሚሰማው ገርርር ከሆነና ፔዳሉም ከነዘረ ግን ሸራው አልቆ የጀርባው ብረት ዲስኩን እየፋቀው ነውና መኪናው እዚያው ይቁም። በዚያ ፍሬን ከደሴ ወደ ኮምቦልቻም ሆነ ከጋሸና ወደ ወልዲያ አይወረድም።

አንድ ብዙ ሰው የሚያስደነግጥ ድምፅ አለ። ከአስፋልት ወጥታችሁ የጠጠር መንገድ ነድታችሁ ስትመለሱ በድንገት የሚጀምር፣ ረገጣችሁም አልረገጣችሁም የማያቋርጥ የሚያሳክክ ጩኸት። ይህ በአብዛኛው በዲስኩና ከጀርባው ባለችው የአቧራ መከላከያ ቆርቆሮ መካከል የገባች ጠጠር ናት። ጥቂት ሜትር ወደ ኋላና ወደ ፊት ስትነዱ ብዙ ጊዜ ትወድቃለች። ካልወደቀች ጎማውን አውጥታችሁ ቆርቆሮዋን በካቻቪቴ ቀስ አድርጋችሁ ፈልቀቅ ማድረግ ነው። ለዚህ ሸራ የሚያስቀይር ባለሙያ ካጋጠማችሁ ሂሳባችሁን ያዙ።

አሁን ወደ ረጅሙ ፉጨት። እዚህ አገር ዋናው ምክንያት ቁልቁለቱ ነው። ደሴ ከባህር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 አካባቢ። አራት ሰው የጫነች ቪትዝ ያንን ከፍታ ስትወርድ የምታራግፈው ጉልበት አንድ የ20 ሊትር ጀሪካን ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ከዚህ ላይ ንፋሱና ጎማው የሚወስዱት አለ። የቀረውን ወይ ሞተሩ ይይዘዋል ወይ ፍሬኑ ይቃጠልበታል። በባዶ ማርሽ እየወረደ ፔዳሉን ያለማቋረጥ ለስለስ አድርጎ የሚረግጥ ሰው ሁሉንም ለፍሬኑ ሰጠው ማለት ነው። ሸራውን ያጣበቀው ሙጫ በሙቀት ይወጣና ፊቱ ላይ ይደርቃል። ፊቱ እንደ መስታወት ያብረቀርቃል። ያ ፊት ዲስኩን በደንብ ከመንከስ ይልቅ እየያዘ እየለቀቀ ያንቀጠቅጠዋል፤ የምንሰማው ፉጨት ያ መንቀጥቀጥ ነው። በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ማርሽ ይዞ፣ ሲያስፈልግ ጠንከር አድርጎ ረግጦ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ መልቀቅ ሸራን ከማንኛውም ግራሶ በላይ ያድናል።

ለሥራው ክሪክ፣ መኪናውን የሚሸከሙ ሁለት የብረት ማቆሚያዎች፣ የጎማ ቁልፍ፣ 14 እና 17 ቁጥር ቁልፍ፣ ሞርሳ፣ ሽቦ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ 80 ወይም 100 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት፣ የፍሬን ማጠቢያ ስፕሬይና ሙቀት የሚችል የፍሬን ግራሶ ያዙ። ቁጥሮቹ በብዛት ለምናያቸው ኮሮላና ቪትዝ ናቸው፣ ሌላ መኪና ይለያል። ቦታው ሜዳ ይሁን። ደሴ ውስጥ ሜዳ ማግኘት ቀላል አይደለም፤ ቢሆንም ተዳፋት ላይ ክሪክ አይቆምም። የኋላ ጎማዎችን ከፊትም ከኋላም ታኮ አድርጉላቸው። ክሪክ ብቻ በያዘው መኪና ሥር እጅም ሆነ እግር አይገባም።

ጎማው ሲወጣ መጀመሪያ ተመልከቱ፣ ምንም አትፍቱ። አዲስ ሸራ ከብረቱ ውጭ 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወፍራል፤ 3 ከደረሰ ይቀየር። የውስጡንና የውጭውን ሸራ አወዳድሩ። አንዱ ከሌላው በግልጽ ካነሰ፣ ካሊፐሩ (ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ የሚጨምቀው ክፍል) የሚንሸራተትባቸው ፒኖች ደርቀዋል፣ ወይም ውስጡ ሆኖ ሸራውን የሚገፋው ፒስተን አልመለስ ብሏል። ይህን ሳያስተካክሉ አዲስ ሸራ መክተት ገንዘብ መጣል ነው። ዲስኩ ጠርዝ ላይ ጥፍር የሚይዝ ከንፈር ካበጀ ውፍረቱን ለኩ፤ የመጨረሻው የተፈቀደ ውፍረት አብዛኛውን ጊዜ ዲስኩ ላይ ራሱ ተቀርጿል።

ከዚያ የታችኛውን የካሊፐር ብሎን በ14 ፍቱና ካሊፐሩን ወደ ላይ አንሱት። ሙሉ በሙሉ ካወጣችሁት በሽቦ እሰሩት እንጂ በፍሬን ቱቦው አታንጠልጥሉት። ቱቦው ውስጡ ይሰነጠቅና ከውጭ አይታይም። አቧራውን በአፍም በኮምፕሬሰርም አትንፉ፤ የአንዳንድ ሸራ አቧራ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል። አርጥባችሁ በጨርቅ ጥረጉት። የሚያብረቀርቀውን ሸራ፣ ውፍረቱ ከበቃ፣ የብርጭቆ ወረቀቱን ጠፍጣፋ መስታወት ወይም ንጣፍ ላይ ዘርግታችሁ ማብረቅረቁ እስኪጠፋ ድረስ በክብ እሹት። ዲስኩ ሲዞር የሚገባበትንና የሚወጣበትን የሸራውን ጠርዞች በሞረድ ትንሽ ሰያፍ አድርጉ። ሹል ጠርዝ ዲስኩን እየነከሰ ይጮኻል። ዘይት ወይም የፍሬን ዘይት የነካው ሸራ ግን ታሽቶም ታጥቦም አይድንም፣ ይጣል። ያፈሰሰውንም ቦታ ፈልጉ።

አብዛኛው ፉጨት የሚድነው ቀጥሎ ባለው ሥራ ነው፤ ብዙ ቦታ የሚዘለለውም እሱ ነው። ሸራው ብራኬቱ (ካሊፐሩን የተሸከመው ብረት) ላይ የሚያርፍባቸውን የብረት ክሊፖች አውጥታችሁ ሥራቸው ያለውን ዝገት በሽቦ ብሩሽ አጽዱ። ሸራው በጣት ግፊት መንሸራተት አለበት። ከሸራው ጀርባ የምትቀመጠዋ ስስ ቆርቆሮ ትርፍ ዕቃ አይደለችም፤ መንቀጥቀጡን የምታፍነው እሷ ናት። አሮጌውን ሸራ ስትጥሉ እሷንም እንዳትጥሉ። ግራሶውን እንደ ጥፍር ቀለም ስስ አድርጋችሁ በሸራው ጀርባ ፒስተኑ በሚነካበት ቦታ፣ ክሊፖቹ ላይ በሚያርፉት የሸራው ጆሮዎችና በፒኖቹ ላይ ብቻ ቀቡ። ተራው የኩሽኔታ ግራሶ ይቀልጣል፣ የፒኖቹንም ጎሚኒ ያሳብጣል፤ ለፒኖቹ የሲሊኮን ግራሶ ይሁን። ወደ ሸራው ፊትና ወደ ዲስኩ አንዲት ጠብታ እንዳትደርስ። ድምፁን ለማጥፋት ዲስክ ላይ ዘይት የሚረጭ ሰው አለ፤ ድምፁም ይጠፋል፣ ፍሬኑም አብሮ ይጠፋል። ቤንዚንና ናፍጣም ለማጠቢያ አይሆኑም፤ ስፕሬይ ከሌለ ውሃና ሳሙና ይበልጣል።

አዲስ ሸራ የምታስገቡ ከሆነ ፒስተኑን በሞርሳ ቀስ ብላችሁ መልሱት፣ እየመለሳችሁም የፍሬን ዘይት ዕቃውን ተመልከቱ። ሞልቶ ከፈሰሰ ቀለም ይልጣል። ሸራ ሁልጊዜ የግራና የቀኙ አብሮ ይቀየራል። ስትጨርሱ የጎማውን ዳዶዎች በተራ ሳይሆን በመስቀል ቅርጽ እያቀያየራችሁ እሰሩ፤ ለእነዚህ መኪኖች 103 ኒውተን ሜትር ነው። ከዚያ ከምንም በፊት ፔዳሉን እስኪጠነክር ደጋግማችሁ ርገጡ። ይህን የረሳ ሰው የመጀመሪያው ርግጫ ባዶ ይሆንበታል።

ድምፁ ከኋላ ከሆነና የኋላው ፍሬን ታምቡር (በዲስክ ፈንታ ሸራዎቹን የሚሸፍን ክብ ብረት) ከሆነ የእጅ ፍሬኑን ልቀቁ። ታምቡሩ አልወጣም ካለ በመዶሻ አትደብድቡት። በብዙ ቶዮታ ታምቡር ፊት ላይ የብሎን ጥርስ ያላቸው ሁለት ቀዳዳዎች አሉ። የ8 ሚሊ ሜትር ብሎን በሁለቱም እኩል እያጠበቃችሁ ስታስገቡ ራሱ ይገፋዋል። ውስጡን አርጥባችሁ አጽዱና ሸራዎቹ ከኋላ ካለው ሳህን ጋር የሚነካኩባቸውን ስድስት ነጥቦች ስስ ግራሶ አስነኩ። የሚስማር ራስ ሸራው ላይ ብቅ ካለ ሸራው ጊዜው አልፏል፣ ታምቡሩንም እየቧጨረው ነው።

አዲስ ወይም የታሸ ሸራ ከዲስኩ ጋር መላመድ አለበት፤ ካልተላመደ ዳግም ያፏጫል። ይህን ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ፣ መንገዱ ጭር ሲል አድርጉት። ከ50 ወደ 10 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መጠነኛ ርግጫ፣ ሙሉ በሙሉ ሳይቆሙ፣ በየመሃሉ ግማሽ ደቂቃ እየነዱ ማቀዝቀዝ፣ ስምንት አሥር ጊዜ። ፍሬኑ እንደጋለ ቆማችሁ ፔዳሉን አትያዙ። ሐረጎን የመላመጃ መንገድ አታድርጉት፤ እዚያ ፍሬኑ የሚበርድበት ፋታ የለውም። ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ ዳዶዎቹን እንደገና አጥብቁ፣ ከመንገድም ስትመለሱ እጃችሁን ወደ አራቱም ቸርኬ ሳትነኩ አስጠጉ። አንዱ ከሌሎቹ ለይቶ ከጋለ የዚያ ጎማ ፒን ወይም ፒስተን አሁንም አልለቀቀም።