ልጃችን ወደ ወታደር ማሰልጠኛ ስትገባ የዝምታውን ሳምንታት እንዴት እንዳለፍናቸው

ልጄ ውትድርና ለመግባት መወሰኗን ስትነግረን 18 ዓመት ሞልቷት ስለነበር የእኔም ሆነ የአባቷ ፊርማ አላስፈለጋትም። ሕፃናት በጦርነት ስለሚሳተፉበት ሁኔታ እ.ኤ.አ. በ2000 የጸደቀው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ ማለትም የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አማራጭ ፕሮቶኮል፣ የወላጅን ፈቃድ የሚጠይቀው፣ ከዚያ ዕድሜ በታች ያለ ልጅ በፈቃደኝነት ሲመለመል ነው። ከዚያ በኋላ ለወላጅ የሚቀረው መመረቅና ስንቅ ማሰናዳት ነው፤ ስንቁም ቢሆን ማሰልጠኛው በላከው ዝርዝር የተወሰነ ነበር። ስለዚህ «ለምን?» የሚለውን ክርክር ቶሎ ዘግተን የቀረንን ጊዜ በሚጠቅም ነገር ላይ አዋልነው።

ከሁሉ አስቀድመን ያሰብነው ስለ እግሯ ነበር። በመሰረታዊ ወታደራዊ ሥልጠና ምልምሎችን ከሁሉ በላይ ወደ ሕክምና የሚያመላልሳቸው የእግርና የጉልበት ጉዳት ነው። ብራይትሃውፕት የተባለ የፕሩሲያ ወታደራዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1855 የእግረኛ ወታደሮች እግር ከረጅም ጉዞ በኋላ እንደሚያብጥና እንደሚያማቸው ጽፎ ነበር፤ ራጅ ከተገኘ በኋላ ደግሞ ሕመሙ የአጥንት ስንጥቅ መሆኑ ታወቀ። ስንጥቁ የሚመጣው አጥንቱ ራሱን ከሚያጠነክርበት ፍጥነት ይልቅ ሩጫውና ሸክሙ ሲቀድም ነው፤ በሴት ምልምሎች ላይ ደግሞ በብዛት ይታያል። ስለዚህ ልጄ ከመግባቷ ከወራት በፊት ጀምራ በየሳምንቱ ጥቂት እየጨመረች መራመድና መሮጥ ጀመረች፤ ደሟም ተመርምሮ የብረት ማዕድን መጠኑ ታወቀ። ለቅሶዬን ለሌላ ጊዜ አቆይቼ ካልሲ ስመርጥ መክረሜ ዘመዶቼን ሳይገርማቸው አልቀረም።

በገባችበት ዕለት ማታ የደወለችው ስልክ አንድ ደቂቃ እንኳ አልሞላም። መድረሷን፣ ደህና መሆኗንና አድራሻዋን በደብዳቤ እንደምትልክ ነገረችኝና «ተመለሺልኝ» ለማለት እንኳ ፋታ ሳትሰጠኝ ስልኩ ተዘጋ። ድምጿ የሰው ወረቀት የምታነብ ይመስል ነበር፤ እንዲያ ያለው አጭር ጥሪ በብዙ ማሰልጠኛዎች የተለመደ መሆኑን፣ አንዳንዴም ምልምሉ የሚናገረው ቃል በቃል ተጽፎ እንደሚሰጠው አስቀድሜ ባላነብ ኖሮ ሌሊቱን ሙሉ ምን ደርሶባት ይሆን እያልኩ ባደርኩ ነበር። ስልኳ ተሰብስቦ ስለሚቀመጥ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ዝምታ የሥልጠናው አንድ ክፍል ነው። የቆይታው ርዝመት እንደየአገሩና እንደየክፍሉ ይለያያል፤ ለምሳሌ በአሜሪካ የምድር ጦር 10 ሳምንት ሲሆን፣ በዚያው አገር የባሕር እግረኛ ጦር (ማሪን ኮር) 13 ሳምንት ነው።

የመጀመሪያ ደብዳቤዋ በእርሳስ የተጻፈ፣ መስመሩ ወደ ታች እየወረደ የሄደ ነበር። ከላይ «እማዬ፣ እዚህ መቆየት አልችልም፤ እባካችሁ አውጡኝ» ይላል። ከወረቀቱ አጋማሽ በታች፣ በሌላ ቀን የቀጠለችው መሆኑ በሚያስታውቅ ረጋ ያለ ፊደል፣ አጠገቧ የምትተኛው ልጅ ከስክስ ጫማ በፍጥነት ማሰር እንዳስተማረቻት ትተርካለች። ደብዳቤው እጃችን እስኪገባ ድረስ ቀናት ስላለፉ እኛ ያለቀስንበትን ሐዘን እሷ ትታው አልፋ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየደብዳቤው አናት ላይ ያለውን ቀን ሳላይ ማንበብ አልጀምርም።

የምንጽፍላትንም በጥንቃቄ ነበር የምንጽፈው። ደብዳቤዎቹ ተራቸውን ሳይጠብቁ ስለሚደርሱ በእያንዳንዱ ላይ ቁጥር አኖርን፤ ከዚያ ሆና ልታስተካክለው የማትችለውን የቤት ጣጣ አላነሳንም፤ በአንድ መስመር የሚመለስ ጥያቄ ብቻ እንጠይቃት ነበር። ፖስታው ላይ ሥዕልም ሆነ የቁልምጫ ስም አልጻፍንም፤ ምልምል ባልደረቦቹ ፊት ለየት ብሎ ሲታይ የአሰልጣኙን ዓይን ይስባልና። ጥቅልም ቢሆን ከዝርዝሩ ውጭ ያለ ነገር ከያዘ ሊመለስ ወይም ሊወረስ ይችላል።

አባቷ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው አይደለም። ማታ ማታ የማሰልጠኛዎችን ፎቶ በስልኩ እያጎላ ፊቷን ይፈልጋል፤ አንድ ዓይነት ልብስ ከለበሱት መካከል የማንን ልጅ እንደሚያይ ግን እሱም እርግጠኛ አልነበረም። እንዲተወው አልነገርኩትም፤ ሁላችንም አንድ ዓይነት መጽናኛ አያስፈልገንም። ታናሽ ወንድሟ ግን ከሁለታችንም ይልቅ አሳስቦን ነበር፤ ቤቱ ሁሉ ስለ እህቱ ብቻ ሲያወራ መከፋቱን የሚነግረው ሰው አጥቶ ስለከረመ፣ ከእራት በኋላ ያለውን ሰዓት ለእሱ ብቻ ለየንለት።

ድንገተኛ ሕመም ወይም ሞት በቤተሰብ ላይ ቢደርስ መልእክት የሚተላለፍበትን መንገድ ከመሄዷ በፊት ጠይቀን ነበር። ሙሉ ስሟን፣ የመለያ ቁጥሯን፣ የሻምበሏንና የመቶዋን ስም በአንድ ወረቀት ጽፈን ስልኩ አጠገብ ለጠፍነው። «ልጃችሁ ተጎድታለች፣ ለሕክምና ገንዘብ ላኩ» እያሉ የሚደውሉ አጭበርባሪዎች መኖራቸውን ስለምናውቅ፣ የትኛውንም ወሬ በዚያ ወረቀት ላይ በሰፈረው መንገድ ሳናጣራ ገንዘብ እንዳንልክ ተስማማን።

ሌላው አስቀድመን የተነጋገርንበት ነገር ምረቃው ሊዘገይ መቻሉ ነው። የታመመ፣ የተጎዳ ወይም አንድ ፈተና ያላለፈ ምልምል ወደ ኋላ ተመልሶ ከሌላ ቡድን ጋር ሊቀጥል ይችላል። ስለዚህ ምረቃው በእርግጥ እስኪረጋገጥ ድረስ ቀን ቆርጠን ለዘመድ አልተናገርንም፣ የማይመለስ የጉዞ ትኬትም አልገዛንም። እሷም በመጀመሪያው ተራ ተመረቀች። በተሰጣት የዕረፍት ሰዓት የፈለገችው ጫማዋን አውልቃ መተኛት ነበር፤ ሊጠይቋት ያሰቡትን ሁሉ በሌላ ጊዜ እንዲመጡ ነገርናቸው። ቀጥላ ወደ ሙያ ሥልጠና ስለምትሄድና እዚያም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስልክ እንደሚገደብ ስለተነገረን፣ አዲሱን አድራሻዋን ተቀብለን የደብዳቤውን ቁጥር ካቆምንበት ቀጠልን።